የደቻቱ ውሃ ከየት ይመጣል

ዐብዲገኒ ከሰላምታ በፊት የሚጣላ ሰው ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከእሱ ጋር ያልተጣላ ጎረቤት ካለ፣ ገና ትናንት ቤት የተከራየ መሆን አለበት። የባጃጅ ሾፌሮች ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ሰው እንደጠራቸው ሆነው ይታጠፋሉ፤ ከኋላ ተቀምጦ መሪ አያያዛቸውን እየነቀፈ ነፍሳቸውን ስለሚያወጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በባቡር ጥገና ቤት ቧንቧ ሲገጥም ኖረ፤ የድሮው ባቡር ሲቆም መሣሪያውን በጆንያ ቋጥሮ በየሰው ቤት መሥራት ጀመረ። እጁ ወርቅ ነው፣ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም። አፉን ግን አያድርስ!

ይህን ሰው ሙዚየም ያስገባችው ልጁ ኒሞ ናት። አንድ አሮጌ መጋዘን ታድሶ የልጆች ሙዚየም ሲሆን እሷ በአስጎብኚነት ተቀጠረች፤ ቧንቧ ሠራተኛ ሲፈለግ አባቷን ጠቆመች፣ ቀጥላም ለሦስት ቀን ተጸጸተች። ሙዚየሙ እንደሌላው አይደለም፣ «አይነካም» የሚባል ነገር የለበትም። አሸዋ የተነሰነሰበት ቀጭን ብረት አለ፤ ልጆች ጠርዙን በማሲንቆ ደጋን ሲፈገፍጉት አሸዋው እየዘለለ ራሱን እንደ ጥልፍ ይደረድራል። ብስክሌት አለ፤ ሲረገጥ ግድግዳው በቀለም መብራት ይጥለቀለቃል። ዐብዲገኒ ይህን ሁሉ ዞሮ አየና «ለዚህ ነው መጋዘኑን ያፈረሳችሁት?» አለ።

ዋናው ግን የደቻቱ ገበታ ነበር፤ ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። አራት ሜትር ርዝመት፣ እውነተኛ አሸዋ፣ በግራና በቀኝ ከተማው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ በቀለም ያበዱ ቤቶች፣ ድልድዩ ሳይቀር ተሠርቷል። ከበስተጀርባ ግድግዳው ላይ የደንገጎ ተራራ ተስሏል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ዐብዲገኒ እንኳ የሚሰድበው ነገር አጣበት። ከከተማው በላይ ደግሞ የተበሳሳ ቧንቧ ተሰቅሏል። ልጁ ቁልፍ ይጫናል፣ ከተማው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ደቻቱ ይሞላል። ዕቅዱ የዕዝራ ነው፤ ዕዝራ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሠዓሊ ሲሆን ሙዚየሙን ያሰበውም የሚመራውም እሱ ነው። የገጠመው ዐብዲገኒ ነው። ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ውሃ ለቀቀበት፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው።

«ይህ ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ ነው ውሸቱ፣ ጋሼ ዐብዲገኒ? እስኪ ይንገሩኝ።»

«አንተ በለኝ! ድሬዳዋ ነው ያለኸው፣ እዚህ ‹እርስዎ› የሚባል ሰው የለም። ደቻቱ እዚህ ሲዘንብ አይደለም የሚሞላው። እዚህ ፀሐይ አናትህን እየበሳው፣ ዝናቡ እዚያ ያቆነጀኸው ተራራ ላይ ይወርዳል። ውሃው ከዚያ ነው የሚመጣው። አሸዋው ላይ የቆመ ሰው አንዲት ጠብታ ሳይነካው ይወሰዳል።»

ዕዝራ ክፉ ልጅ አይደለም፣ አዳመጠ። ግን ለመክፈቻው ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ገብቶኛል፣ ግን ልጆች ዝናቡን ይወዱታል። ውበቱ ዝናቡ ነው። ከሥሩ ጽሑፍ እንለጥፍበታለን።»

«ልጅ ጽሑፍ ሊያነብ ነው እዚህ የሚመጣው? ሊነካ አይደለም እንዴ? የነካውን ነው ይዞ የሚሄደው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ኒሞ ከወዲያ ጥግ «አባ!» አለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። አባቷ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

ነገሩ ተራ ክርክር እንዳይመስላችሁ፣ ዐብዲገኒ ይህን ማንም የድሬ ሰው እንደሚያውቀው ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሚስቱን ፋዱማን የወሰዳት ይኸው ደረቅ አሸዋ ነው። ፋዱማ አሸዋው ላይ ሸራ አንጥፋ ልብስ ትሸጥ ነበር። ያን ቀን ለምሳ መጥታ እቃዋን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ስትወጣ፣ እሱ መከዳውን ተደግፎ በርጫ ላይ ነበር። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ጫቱን የያዘ ወንድ ቤቱ ቢቃጠል አይነሳም። «በደንገጎ በኩል ጠቁሯል እንዴ? እስቲ ተነስተህ እይልኝ» አለችው። እሷ አጭር ናት፣ ከግቢው ግንብ በላይ አይታያትም፤ እሱ ረጅም ነው፣ ቆሞ አንገቱን ቀና ማድረግ ይበቃው ነበር። አልተነሳም። በመስኮቱ የምትታየውን ቁራጭ ሰማይ አየና «ጥርት ብሏል፣ ሂጂ» አላት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አገር ምድሩ «ውሃ! ውሃ!» እያለ ጮኸ።

ለሰባት ዓመቷ ኒሞ ግን «አትሂጂ ብያት ነበር፤ እልኸኛ ናት፣ ጥላሽ ሄደች» አላት። አይ ሰው! ልጅቷ ይህን ይዛ አደገች። የእናቷ ስም ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች፤ በየዓመቱ ለእናቷ ዱዓ ሲደረግ ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። ዐብዲገኒ ያያል፣ ከዚያ ወጥቶ ከሰው ይጣላል። አሥራ ስምንት ዓመት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ገበታውን ከበው ቆሙ። ዐብዲገኒ ፓምፑ እንዳይበላሽ ተብሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አፉን እንዲይዝም ልጁ ለምናዋለች። አንዷ ተማሪ ቁልፉን ተጫነች። ዝናቡ ወረደ፣ ልጆቹ በደስታ ጮኹ፣ አሸዋው ረጠበ፣ ውሃው ትንንሾቹን ቤቶች ይዞ ሄደ።

«ጎበዞች!» አለች ኒሞ። «እንግዲህ አሸዋው ላይ እየተጫወትን ቢሆን መቼ ነው የምንወጣው?»

«ዝናብ ሲጀምር!» አሉ አርባዎቹም ባንድ ድምፅ። ዕዝራ አጨበጨበ።

ዐብዲገኒ ተነሳ። ውሃውን ዘጋ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ የተበሳሳውን ቧንቧ ከነማሰሪያው መንጭቆ መሬት ላይ ጣለው። ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ምን እየሠራህ ነው?» ዕዝራ ‹እርስዎ›ን ረሳት። «አብደሃል? ጥበቃ! ጥበቃ ጥሩልኝ!»

«ጥራ! ፖሊስም ጥራ! አርባ ልጅ ነው የገደልከው አሁን፣ እያጨበጨብክ!»

«ኧረ ማን ሞተ? ሁሉም ሰው ደቻቱን ያውቃል፣ ወላጆቻቸው ይነግሯቸዋል...»

«አባ፣ በአላህ፣ ውጣ» አለች ኒሞ። «አዋረድከኝ። ሁልጊዜ ታዋርደኛለህ። እናቴም እንዳንተ እልኸኛ ሆና ነው የሞተችው፣ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ!»

ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ቧንቧውን ግን ነገ ሌላ ሠራተኛ መልሶ ይሰቅለዋል፣ ይህን ያውቃል። የቧንቧ መፍቻውን ገበታው ላይ አስቀመጠና ልጁን አያት።

«እናትሽ እልኸኛ አልነበረችም» አለ። «ጠየቀችኝ። ተነስተህ ተራራውን እይልኝ አለችኝ። በርጫ ላይ ነበርኩ፣ አልተነሳሁም። በመስኮት አየሁና ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሂጂ አልኳት። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት።»

ኒሞ ወደ ገበታው ቀረበች።

«አትሂጂ ብያት ነበር ያልከኝስ?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ኒሞ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እሱ ስድብ እየጠበቀ ቆመ፣ ቢሰደብ በወደደ። ከዚያ ወደ ዕዝራ ዞራ፣ «ቧንቧው በተራራው በኩል ይግባ» አለች። «ያለበለዚያ እኔ እዚህ ገበታ አጠገብ አልቆምም።» ዕዝራ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ።

ዐብዲገኒ ሁለት ቀን ሠራ። የዕዝራን ቆንጆ ተራራ ከሥሩ በሳውና ቧንቧውን በዚያ አሳለፈው። አሁን ልጁ ቁልፍ ሲጫን ከተማው ላይ ምንም አይወርድም፤ ቢጫ መብራት ብቻ ይበራል፣ ፀሐይ ነው። ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ «ተበላሽቷል!» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዱ አሸዋው ላይ ጣቱን ይከታል። ያኔ ውሃው ከተራራው ሥር ይመጣና ጣቱንም ቤቱንም ይገፋዋል። ማንም አይስቅም።

ፓምፑ ስለሚያስቸግር ዐብዲገኒ እዚያው ተቀጠረ። ኒሞ ከሳቢያን ወጥታ መጋላ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ገብታለች። ጠዋት ሲገናኙ «ውሃው ዝግጁ ነው?» ትለዋለች፣ «ዝግጁ ነው» ይላታል፣ በቃ። ከዚያ በላይ ቃል ሊያወጣት ሞክሮ ነበር፤ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠብቆ «ልጄ» ቢላት እንደ ባዳ ሰው ዞራ አለፈችው።

ታሪኩን ግን ትናገራለች። በየቡድኑ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «አንዲት ሴት ነበረች፣ አሸዋው ላይ ልብስ የምትሸጥ። ተራራው መጥቆሩን እይልኝ ብላ አንድ ሰውዬን ጠየቀች። ሰውዬው አልተነሳም።» ዐብዲገኒ ጥግ ላይ እጁን የቧንቧው መክፈቻ ላይ አድርጎ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ኢፍራህ የምትባል፣ እጇን አወጣች። «ሰውዬውስ? አሁን የት ነው?»

ኒሞ ወደ ጥጉ አልዞረችም።

«ሞቷል» አለች። «በይ ቁልፉን ተጫኚ።»