የፈላው ጸበል

የልጇን ክኒን ስቆጥር፣ እናትየው ጸበል የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ የፋርማሲዬ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠች። "ክኒኑን በጸበል ላስውጠው ብዬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ውሃ አፍሉ ትለናለች፤ ይሄንንም ላፍላው እንዴ?" አለችኝ።

እኔም ጸበል ያፈላሁት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እዚሁ ጂንካ ታናሽ ወንድሜን ትኩሳት ጣለው። እናቴ በባዶ ሆዱ ጸበል እንዳጠጣው አዝዛኝ ወደ አልዱባ ገበያ ሄደች። የሳይንስ መምህራችን ግን ያልፈላ ውሃ አትጠጡ ብለውን ነበር። ጸበሉን በላምባ ምድጃ አፈላሁት፤ አቀዝቅዤ፣ በስመ አብ ብዬ አጠጣሁት። ላምባ ላምባ ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ማፍላቴን የነገርኩት ለንስሐ አባታችን ብቻ ነው። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ "እሳት የሚገድለው ጀርሙን ነው፣ ልጄ። በረከት አይፈላም" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ሞተ?"

መስቀሉን ከግንባሬ አላነሱም። የመስቀሉ ቅዝቃዜ ብቻ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ማልቀሴን አላስታውስም።

"እ? ላፍላው?" አለች እናትየው።

ጠርሙሱን አነሳሁት። ቀዝቃዛ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና፣ "ክኒኑ በቀን ሁለቴ ነው" አልኳት።