ባንኩ ዳዊትን የቀጣበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከማርታ ጋር ናይሮቢ ሳውዝ ሲ፣ ሰፈራችን ጉሊት ቆመን ፓፓያ እየመረጥን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከባንክ የመጣ መልእክት ነበር። ጠይቄው ለማላውቅ አገልግሎት ተብሎ ከሂሳቤ ጥቂት ሽልንግ ተቆርጧል። መነጽሬን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ማርታ ከትከሻዬ በላይ አየችና፣ "ማሚ፣ ኢትስ ናቲንግ፣ ተይው በቃ! የአንድ ኩባያ ቻይ ዋጋ እኮ ነው" አለችኝ።

"ሰኞ እሄዳለሁ" አልኳት።

ሳቀች። እናቷ ቆንቋና ናት ብላ ነው የምታስበው፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ አይደለሁም ብዬ ተከራክሬያት አላውቅም። እሷ የማታስታውሰው፣ ነገር ግን አብራኝ የነበረችበት አንድ ዓመት አለ። ያኔ ገና አፏን አልፈታችም ነበር።

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እኔና ባለቤቴ ዳዊት ናይሮቢ ከገባን ብዙም አልቆየንም። እሱ ፓርክላንድስ አንድ ጎማ መሸጫ ሱቅ ይሠራ ነበር፤ ማታ ሲመጣ እጁ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ በሳሙና ቢፈተግም አይለቅም። ዝምተኛ ሰው ነበር። አጥብቆ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ዕዳ ነው። ከሱቅ ዳቦ በዱቤ ወስጄ እንደሆነ፣ እራቱን ሳይቀምስ ተመልሶ ወጥቶ ከፍሎ ይመጣል። "በሰው አገር ያለን ስማችን ብቻ ነው" ይለኝ ነበር። ቋሚ ደመወዝ ያገኘ ጊዜ አብረን ሄደን በሁለታችን ስም የባንክ ሂሳብ ከፈትን፤ የቤት ኪራዩንም ባንኩ ራሱ በየወሩ ለአከራያችን እንዲልክ ዳዊት ፈርሞ አዘዘ። ስንወጣ ከመንገድ ዳር ሎሚና በርበሬ የታሸ ጥብስ በቆሎ ገዛልኝ። "እንግዲህ ኪራይ ዘገየ የሚለን የለም" ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። በቆሎው ምላሴን ሲያቃጥለኝ ትዝ ይለኛል።

በትልቁ ዝናብ ወራት ሞተ። የናይሮቢን ሚያዝያ ያየ ያውቀዋል፤ ሞምባሳ መንገድ ዳር ያለው ጭቃ ጫማ ያወልቃል፣ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ውሃውን ግራና ቀኝ እየረጩ ይሽቀዳደማሉ። ዳዊት ከሥራ ሲመለስ መንገዱን በማቋረጥ ላይ ሳለ አንዱ ማታቱ ገጨው። ሹፌሩ አልቆመም። ታርጋውን አየሁ የሚል ሰውም አልተገኘም። ፖሊስ ጣቢያ ተመላለስኩ፤ ጉዳዩን የያዘው ሰው በመጨረሻ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ባልሽ መሻገሪያ በሌለበት ቦታ ነው የተሻገረው" አለኝ። ታዲያ መሻገሪያው የት ነበር? ያኔ እዚያ አካባቢ የእግረኛ ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ሰው አጽናናኝ እንጂ አልተወኝም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ጌታ ያጽናሽ" እያሉ አብረውኝ አደሩ። ኬንያውያን ጎረቤቶቼ ትኩስ ቻፓቲ በጨርቅ ጠቅልለው እየመጡ፣ "ፖሌ፣ ፖሌ ሳና" አሉኝ። ፖሌ መልካም ቃል ነው። እንቅፋት ለመታው ይባላል፣ ለታመመ ይባላል፣ ለሐዘንተኛ ይባላል። ሕመምሽ ተሰምቶኛል ማለት ነው።

ኪራዩን ስላልቻልኩ ቤቱን ለቅቄ ታላቅ እህቴ አልማዝ ዘንድ ገባሁ። ወዲያው የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ባንክ ሄድኩና፣ ከእንግዲህ ኪራዩን እንዳይልኩ ነገርኳቸው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ማመልከቻዬን ተቀብላ ማኅተም መታችበት፣ ኮፒውን ሰጠችኝ፣ እሷም "ፖሌ ማማ" አለችኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ናይሮቢ ፀሐይ በማይታይበት በዚያ ግራጫ ብርድ፣ አልማዝ፣ ሂሳቡን ስንከፍት አድራሻችን ብለን ከሰጠነው ከፖስታ ሳጥኗ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች። የተጻፈው ለዳዊት ነው። "ውድ ደንበኛችን" ይላል፤ ለኪራዩ የሚበቃ ገንዘብ በሂሳብዎ ስላላስቀመጡና ግዴታዎን ስላልተወጡ ቅጣት ተቆርጦብዎታል ይላል። ለካ ባንኩ አቁሙ ያልኩትን አላቆመም። በየወሩ ኪራዩን ሊልክ ይሞክራል፤ የዳዊት ደመወዝ ስለቀረ ገንዘቡ አይበቃም፤ ስላልበቃ ደግሞ ይቀጣል። ለማርታ ወተት መግዣ ብዬ የተውኳት ገንዘብ በዚህ ዓይነት እየተሸረፈች ነበር።

ስለ ገንዘቡ አልተቆጨሁም ብል ውሸት ነው። ውስጤን የበላው ግን ሌላ ነገር ነበር። የዳቦ ዕዳ አሳድሮ የማያውቅ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ግዴታውን ያልተወጣ ተባለ። መንገድ ላይ ጥፋቱ የሱ ነው ተባለ፣ ባንክ ቤትም ጥፋቱ የሱ ነው ተባለ። እሱ ደግሞ መልስ የሚሰጥበት አፍ የለውም።

አልማዝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"ሰብልዬ፣ ለዚህች ብለሽ ነው በብርድ ልጅ አዝለሽ የምትንከራተቺው? የማታቱው ክፍያ ከቅጣቱ አይበልጥም?"

"ይበልጣል።"

"ታዲያ?"

"ጥፋተኛ ብለውታል እኮ።"

"ማንን?"

"ዳዊትን።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። በማግስቱ ማርታን የማዝልበት ሌሶ የሚሉትን ወፍራም ጨርቅ ገዝታ አልጋዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ባንኩ ውስጥ መስኮት ላይ ያገኘሁት ሰው ክፉ አልነበረም። "ማማ፣ የሚቆርጠው ሲስተሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም" አለኝ።

"ሲስተሙን የሚያናግረው ማን ነው?" አልኩት።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ለቀልድ አልነበረም የጠየቅኩት።

ሌላ ቀን ስሄድ አንዲት ወጣት፣ ትእዛዙን ለማስቆም ያዘዘው ሰው ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት አለችኝ። "ሞቷል" አልኳት። "ፖሌ" አለችና ጥቂት አሰበች። "እንግዲያው መምጣት ካልቻለ ወኪል ይላክ።" ስሜ ሂሳቡ ላይ አለ ብዬ ብከራከር፣ ትእዛዙን የሰጠው እሱ ነው አሉኝ። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ሌላ ቅጣት። ሰዎች ለእኔ ያዘኑ መስሏቸው፣ "እነሱን ማን ያሸንፋል፣ ለእግዚአብሔር ስጪው" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ በአልማዝ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ከትምህርት ቤት የቀረችኝን እንግሊዝኛ አሟጥጬ አቤቱታ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ገንዘብ አልነበረም። "ባለቤቴ ግዴታውን የማይወጣ ሰው አልነበረም" የሚል ነበር። ማኅተም ያለበትን ኮፒ አያይዤ ከተማ መሃል ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ወሰድኩት። ሲቀበሉኝ ያለ ስሜት ነው የተቀበሉኝ፤ ተስፋም አልነበረኝም።

የጠሩኝ ጃካራንዳው ሲያብብ ነው። ከተማው ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ፣ የረገፈው አበባ ከእግር ሥር ጧ ጧ ይላል። ያስገቡኝ ሚሲዝ ዋምቡይ ወደሚባሉ የደንበኞች አቤቱታ ኃላፊ ቢሮ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ማርታ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ሴትየዋ የእኔን ማመልከቻና ለዳዊት የተላኩትን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘርግተው አንድ በአንድ አነበቡ።

"ይህን ማኅተም የመታው የእኛ ቅርንጫፍ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"እኛ የቀጣነው ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው።"

"አዎ።"

የተቆረጠው በሙሉ እንደሚመለስ፣ ትእዛዙም በዚያው ቀን እንደሚዘጋ በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። አመሰገንኩ። መነሳት ግን አቃተኝ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ሌላ የቀረሽ ነገር አለ?"

"ደብዳቤዎቹ ጥፋተኛ ነው ይሉታል" አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከጠረጴዛቸው ኋላ ተነስተው መጡና አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንግሊዝኛውን ትተው በስዋሂሊ፣ "ባለቤትሽ ምንም አላጠፋም። ያጠፋነው እኛ ነን። ሳማሃኒ" አሉኝ።

ፖሌ አላሉኝም። ሳማሃኒ፤ ይቅርታ አድርጊልን ማለት ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ያጽናናኝ ሰው ቁጥር የለውም፣ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ማርታ ደንግጣ ነቃችና አብራኝ ጮኸች። ሴትየዋ ከጭኔ አንስተው አቀፏት፤ በአንድ እጃቸው እሷን እየወዘወዙ በሌላው ጀርባዬን ያሹኛል። በመስታወቱ በኩል ሰው ቆሞ ያየናል፤ ብድር የተከለከለች ሴት ናት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ሚሲዝ ዋምቡይ ይቅርታ የጠየቁኝ ስለ ቅጣቱ ነበር። እኔ የተቀበልኩት ግን ስለ ሁሉም ነበር።

ቀለል ያለኝ ሞምባሳ መንገድ እስክደርስ ብቻ ነው። የተሳፈርኩበት ማታቱ ዳዊት የተገጨበትን ቦታ ሲያልፍ በመስኮት አየሁት፤ ሰው እንደ ወትሮው ተጣድፎ ይሻገራል። ያኔ ገባኝ። ይቅርታውን ያገኘሁት ሊጠይቀኝ ከሚገባው ሰው አልነበረም።

አሁንም ለማርታ እንዳልኳት ሰኞ ባንክ ሄድኩ። አንድ ወጣት ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ ገንዘቡን መለሰልኝና፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ሶሪ ማማ" አለኝ። አልተቀየምኩትም። ማታ ማርታ ከሥራ ስትገባ እራት አቀረብኩና ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም። "ዳዲ ግን መንገዱን አይቶ ነበር የተሻገረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይቶ ነው" አልኳት። "ጠንቃቃ ሰው ነበር።"

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ማመኗን ግን እንጃ። ያ ሹፌር በሕይወት ካለ ዛሬ አርጅቷል። እንዲታሰር አልፈልግም፣ ካሳም አልጠይቀውም። አንድ ቀን መጥቶ፣ አባቷ ምንም እንዳላጠፋ ለልጄ በራሱ አፍ ቢነግርልኝ ይበቃኛል። እኔ ስነግራት ኖሬያለሁ። ግን እኔ ሚስቱ ነኝ፤ ሚስት ለባሏ የምትሰጠውን ምስክርነት ማን ይቆጥረዋል።