የተሸኘው ሰው

አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው በሱፍ ኮቱ ላይ አዲስ ጋቢ ደርቧል። ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የጎባ ባልደረቦቹ ያለበሱት የመሸኛ ጋቢ ነው። አውሮፕላናችን ከሮቤ ሊነሳ እየተንደረደረ ሳለ ወደ ሞተሩ ነዳጅ በደንብ አልደርስ ብሎ አብራሪው ፍሬን ያዘ። በረራው ተሰረዘ። ሌላው ሲያማትብና ዱዓ ሲያደርግ፣ እሱ ሞት ሳይሆን ሹመት ያመለጠው ይመስል ፊቱን አጠቆረ።

«ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ በል እንጂ» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት እናት።

«እርስዎ ምን አለብዎት፣ እናቴ? እኔ ትናንት በግ ታርዶልኝ፣ ተለቅሶልኝ ተሸኝቻለሁ። ምን ብዬ ነው የምመለሰው?»

ስንወርድ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናነበ። የሮቤ ንፋስ እያንገላታው ወደ ጎባ ደወለ።

«በሰላም ገብቻለሁ» አለ። «አዎ፣ አዲስ አበባም ዛሬ ንፋስ ነው።»