ገልብጠሽ ጨርሽው ያልኳት ሰሞን

2014 ዓ.ም. ነበር፤ ስድሳ ሰባት ዓመቴ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አንዲት ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ምክር ለመስጠት ግን ማን ብሎኝ!

ቡሬ ተምራ የመጣችው ልጄ ፍኖተ ሰላም ዳር ካለው ቤታችን ቁጭ ብላ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ኮምፒውተሩን የሚያዙበት ቋንቋ አለ አሉ፤ ተዘጋጅተው አብረውት የሚመጡ ትእዛዞችም አሉት። ታዲያ አንዱ ትእዛዝ «መጀመሪያ የምፈልገውን፣ ቀጥሎ የምፈልግበትን ቦታ ስጠኝ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የተገላቢጦሽ። ሰው ይምታታበታል። እሷ ይህን ልታስተካክል ተነሥታለች። የቋንቋው ጠባቂዎች ሥራዋን ከተቀበሏት ከእነሱ እንደ አንዷ ትቆጠራለች፤ የሰው ሥራ ካበላሸች ግን ሁለተኛ አያስጠጓትም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ገልብጠሽ አንድ አድርጊውና ጨርሽው!» አልኳት።

«አባዬ፣ በድሮው የለመደው ሁሉ ሥራው ይበላሽበታል። የድሮውም እየሠራ አዲሱን ቀስ ብሎ ማስለመድ ይሻላል።»

«ይልመዳ! እኔ ነገ የቀኙን በሬ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ጠምጄ ሳርስ ታያለሽ።»

«ይተዉ አባዬ፣ ግንቦት ነው፤ የበቆሎው ማሳ ይቆይብዎታል።»

ይተዉ ሲሉኝ የምተው ብሆን ኖሮ ዛሬ ጥርሴ ሙሉ ነበር።

ጠዋት ገልብጬ ጠመድኳቸው። ሁለቱም ወደለመዱበት ጎን ሲገፉ መሐል ላይ ይጋጫሉ፤ በመሄድ ፈንታ ይዞራሉ። ማሳው አጠገቤ የሆነው ጎረቤቴ ሥራውን አቁሞ ያየኛል።

«ጋሼ፣ እያረሱ ነው ወይስ እያስታረቁ?»

«ዝም በል፣ እያስለመድኳቸው ነው!»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሞፈሩ ቀጭ አለ።

ስብራቱን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። «ልጄ፣ አደራ እንዳትገለብጪው!»

«እኔማ ትናንት ማታውኑ ልኬዋለሁ፤ የድሮውም እንዲሠራ አድርጌ።»

«ሳትሰሚኝ?»

«ሰምቼዎትማ ነው ቶሎ የላክሁት።»

አመሻሹ ላይ መልስ መጣላት፤ ተቀብለዋታል። እናቷ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አኩርፌ ስለነበር ግን አላሳየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያው ካሾፈብኝ ጎረቤቴ ዘንድ ሞፈር ልዋስ ሄድኩ። «እሰጥዎታለሁ፤ በሬዎቹን ግን እኔ ልጥመድ» አለኝ። እሱ ጠመደ፤ እኔ ቀንበሩን ያዝኩለት።