የሰፋው የአንገት ሹራብ

እርጥብ የሱፍ ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዝናብ የመታውን ሹራባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ሽታው ያችን የኪራይ ክፍላችንን ይዞብኝ መጣ። ልንገርሽ።

ያኔ እኔ ዘጠነኛ፣ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። አባታችን የገጠር ቄስ ናቸው። እንድንማር ብለው ደባርቅ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራዩልን። ያስገቡን ዕለት እኔን ለብቻዬ ደጅ ጠርተው፣ «ዓይንሽን ከእህትሽ ላይ እንዳታነሺ፤ ከተማ ነው» አሉኝ። ታናሽ ሆኜ ሳለ እኔን ስላመኑኝ ኮራሁ።

ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ በሚባለው ሰፈር ለቱሪስት በቅሎ የሚጭነው አጎታችን አንዲት ቱሪስት ትታው የሄደችውን ክብ የሹራብ መሥሪያ ፕላስቲክ ለእህቴ ሰጣት። ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ ቀለበት ነው፤ ቀጭን መንጠቆ አለው። በአከራያችን ስልክ ቪዲዮ አይታ፣ ክሩን በየጥርሱ እየጠመጠመች፣ የታችኛውን ክር በመንጠቆ በላይኛው ላይ እያሻገረች መሥራት ተማረች። ጣ፣ ጣ ይላል። ከቀለበቱ ሥር አመድማ የሱፍ ሹራብ እንደ እጅጌ እየረዘመ ወረደ።

«ለማን ነው?» ስላት፣ «የአንገት ነው» ትለኛለች። የጠየቅኋት ሌላ፣ የመለሰችልኝ ሌላ። ከትምህርት ቤት ስገባ ከትራሷ ሥር ትወሽቀዋለች። አንድ ቀን ቀለበቱን በራሴ ላይ አጥልቃ ለካችና፣ «ከዚህም መስፋት አለበት» አለች ለራሷ።

ከእኔ የሰፋ ራስ የማን ነው? ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰላም የሚላት ጎፈሬያም አስጎብኚ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እሱን እሱን አለኝ። ሩብ ሰዓት ስትዘገይ፣ ፊቷን ሁለቴ ስትታጠብ፣ መንገድ ስትሻገር እንኳ በሆዴ እመዘግብባት ነበር።

ስንቅ ላመጣ ወደ ቤት በሄድኩበት ቅዳሜ አባባ፣ «እህትሽስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት። ለአንድ ወንድ ሹራብ እየሠራች ነው እንጂ።»

የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። ሰኞ ደባርቅ ደረሱ።

ጋቢያቸውን ሳያወልቁ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «አምጪው» አሏት። እህቴ ቀድማ ያየችው እሳቸውን አልነበረም፤ እኔን ነው። ቀለበቱን ከነሹራቡ ከትራሷ ሥር አወጣችና ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው አባባ። ማኅሌት ሲቆሙ ብርዱ አንገትዎን ይይዝዎታል። ጥምጣምዎን ሳይፈቱ እንዲያጠልቁት ብዬ ነው ክሩን እያላላሁ ያሰፋሁት። ሳልጨርሰው መጡብኝ።»

ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ይንጠባጠብ ነበር፤ ከጋቢያቸው የወረደው ውሃ ሹራቡን አርሶት ክፍሉ እርጥብ ሱፍ ሸተተ። አባባ ሹራቡን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ያቀረብንላቸውን ምሳ ሳይነኩ ተነሡ።

እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ጨረሰችውና አጥፋ በፌስታል ሰጠችኝ። «አንቺ አድርሺላቸው» አለች፤ «ማድረስ ታውቂበታለሽ።»

አባባ ክረምት ከበጋ አጠለቁት። ስለዚያ ሰኞ ግን ሦስታችንም አንስተን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ደግ ናት፤ እስክሪብቶዋን ትሰጠኝ፣ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ትገፋልኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንደ ደረሳት የሰማሁት ግን ከአከራያችን ነው። መታጨቷን ከአጎታችን። መፅነሷን ከጎረቤት።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ወደምትኖርበት ዳባት ሄድኩ። ከበሩ ውጭ ሆኜ ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ ሰማኋት፤ ድሮ ከእኔ ጋር ስትሆን ትስቀው የነበረውን ሳቅ። ስገባ ዝም አሉ።

«ምን እያላችሁ ነበር?» አልኩ።

«ምንም» አለች እህቴ ፈገግ ብላ። ከዚያ ሕፃኑን እንደታቀፈች ጠጋ ብላ፣ «ነይ፣ በርዶሻል» ብላ ከምድጃው አጠገብ ቦታ ለቀቀችልኝ።