ከመሬት የሚነሣ ሰንጢ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ጎረቤቴ መምህርቷ «አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ይሞክረው» ስላለችኝ ነው የጀመርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ገበያ ወጥቼ ሸቀጥ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆምኩ። ቀይና አረንጓዴ የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው ሰንጢዎች ተደርድረዋል። ሰውዬው አንዱን አጠፈና «ያዢው፣ አይነክስሽም» ብሎ ዘረጋልኝ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም። መሬት እስኪያስቀምጠው እጠብቃለሁ። እሱም ግራ ገብቶት ያየኛል። በመጨረሻ አፈርኩና ሳልገዛ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አባቴን ሳስብ ቤቴ ደረስኩ።

አባቴ በቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም አንቱ እያልኳቸው ነው ያደግሁት። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ የሁለታችን ነበር። ከዚህ ዓለም ዕቃ የሚወዱት አንድ ነገር ቢኖር ሰንጢ ነው። መነሻው የመቃ ብርዕ መቅረጫ ነበር፤ ከመምህራቸው የወረሱት፣ እጀታው የአጋዘን ቀንድ የሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ብርዑ ተረሳና እጀታው ብቻ ሆነ የሚፈልጉት። ስለቱ ቢዶለዱም ግድ የላቸውም። ከወይራ ሥር የተቀረጸ ነበራቸው፤ ጥቁር የበሬ ቀንድም፤ ከተሰበረ ጸናጽል ነሐስ የቀለጠም። ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንጨት ሳጥን ይቀመጣል። መስከረም ሲጠባ አውጥተን የክረምቱን ዝገት በኑግ ዘይት እናሻለን። የወይራው ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ሰውን ያጣላል ይሉ ነበር። እኔ አሽቼ መሬት አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ያነሣሉ። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው።

ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ቀኑ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም፤ ስንመለስ ነው መንገድ ላይ ተቀምጠን የሽምብራ እሸት የምንፈለፍለው። ባለ እጆቹ ከገበያው ዳር፣ ከአህዮቹ ማሰሪያ በታች ይቀመጣሉ። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ባለ እጅ ይባላል። ስሙ ሙገሳ ይመስላል፤ ግን ቡዳ ናቸው እየተባለ አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነሱም የሚጋባ የለም።

አንድ ዓርብ አንድ ጨው ነጋዴ የግመል አጥንት እጀታ ያለው ሰንጢ አመጣላቸው። አባቴ ከሰውዬው እጅ ተቀብለው እያገላበጡ ሳቁ። ትንሽ አልፈን ከባለ እጁ ዘንድ ስንደርስ ግን የባለ እጁ ልጅ ሰንጢውን መሬት አኖረና እጁን ሰበሰበ። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ አነሡት። ሕጉ ስለ ስለት እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ይርጋ ይባላል። አባቴ ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ሌላ ሰንጢ አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋ።

«ከእጄ ብትቀበዪ ትሞቻለሽ?»

አባቴን በዓይኔ ፈለግሁ።

«የየኔታ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ? እኔ እኮ የምበላው ሽሮ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝና ተቀበልኩት። መዳፉ እሳት የላሰው፣ ሻካራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓርብን እንደ በዓል መጠበቅ ጀመርኩ። የምናወራው ብዙ አልነበረም። እሱ ስለ ቀንድ ይነግረኛል፤ በፈላ ውኃ ሲቀቀል እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ካልቸኮሉ እንደማይሰነጠቅ። እኔ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥር ላይ የአባቴ የገበያ ወዳጅ አያ ታከለ ከሌላ ሽማግሌ ጋር መጡ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አያ ታከለ መጀመሪያ ለአባቴ አንድ ሰንጢ ሰጧቸው። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። እጀታው ግማሹ ጥቁር ቀንድ፣ ግማሹ ወይራ ነው፤ መጋጠሚያው በዓይን አይለይም። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» አሉ።

«እንግዲያማ የኔታ፣ ልጅዎን የሚለምነው ያው እጅ ነው» አሉ አያ ታከለ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ሰንጢውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ብዙ ቢለምኑም አባቴ ሰንጢውን መልሰው አላነሡትም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ከጓዳ ወጣሁ። በዕድሜዬ ሙሉ አባቴን ጥያቄ የጠየቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

«አባ፣ እጁ ምን አደረገ?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «እጁማ ምን ያደርጋል ልጄ። አገሩ ነው። የባለ እጅ አማት ሆኜ ማኅሌት ስቆም ማን አብሮኝ ይቆማል?»

በሚቀጥለው ዓርብ ሰንጢውን ለመመለስ አብረን ሄድን። አባቴ ይርጋ እግር ሥር አስቀመጡት። ይርጋ አላነሣውም። ወናፉን እየነፋ፣ «የኔታ፣ ለእርስዎ ነው የሠራሁት። ልጅዎን ቢከለክሉኝም የእርስዎ ነው» አለ። ወደ እኔ አላየም። አባቴ መንገድ ጀመሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና በነጠላዬ ቋጠርኩት። ዞር ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ስንመለስ እሸት አልበላንም።

በፋሲካው ማግሥት ይርጋ ወደ መተማ ሄደ። እዚያ ብየዳ ቤት ገብቷል፣ ማን መሆኑንም የሚጠይቀው የለም አሉ። እኔ ኋላ ለመካነ ኢየሱስ ሰው ተዳርኩ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ይህን አልነገርኩትም፤ ሲያነበው ያውቀዋል። ያን ሰንጢ ለብቻው ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ ከሥር አኑሬው ነበር። እስክዳር ድረስ መስከረም በመጣ ቁጥር አባቴ ሌሎቹን ሲያነሡ እሱን አልፈው ይተዉታል። እኔ ነበርኩ የማሸው።

ሳጥኑ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከፈትኩት። አባቴን ለመቀየም ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሊሆንልኝ ሲል የኑጉ ዘይት ሽታ ይመጣና ቅያሜው ይተወኛል። ይርጋን ሳስብ ደግሞ ፊቱ እየጠፋኝ ነው፤ የቀረኝ መዳፉ ነው። ሰው ሰንጢ ሲዘረጋልኝ አሁንም እጄ እምቢ ማለቱ ግን ያሳዝነኛል።

አምና ክረምት አባቴ ሲታመሙ ላስታምማቸው ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ሳጥኑን አምጪው አሉኝ። አንድ በአንድ መደቡ ሥር መሬት ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ እየዳበሱ አነሡ፣ አጋዘኑን፣ ግመሉን፣ የጸናጽሉን ነሐስ በስሙ ጠሩ። ሲጨርሱ ባዶውን መሬት ዳበሱ። ከዚያ፣ ያኛውስ አሉ። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከጨርቁ ፈታሁትና እንደ ልማዴ ላስቀምጠው ጎንበስ ስል እጃቸው ተዘርግቶ አገኘሁት። ከአፋቸው የወጣው የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፤ ሲነጋ የሉም።

«መሬት አታስቀምጪው ልጄ። በእጄ ስጪኝ።»