ዓሣ የማይዝ መረብ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመላለስ እንቅልፍ ያልወሰደኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ሹፌሩ አምባሰል ይከፍታል፤ መሰንቆው ማንጎራጎር ሲጀምር ጭንቅላቴ ወደ መስኮቱ ዘንበል ይላል፤ ከዚያ ሕልሙ ይመጣል። ሁልጊዜ ያው ሕልም ነው። ጥቁር ሰሌዳው ውሃ ሆኖ፣ በጠመኔ የምጽፋቸው ቁጥሮች እየዋኙ ይሄዱብኛል። ብይዛቸው ያመልጣሉ። መናኸሪያ ስንገባ ብንን እላለሁ፤ ጣቶቼን ሳይ ግን ጠመኔ የለም።

ያኔ ዐርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ከሐይቁ የሚያወጣውን ዓሣ መንገድ ዳር ስሸጥ ኖሬአለሁ። ልጆቻችን ሲያድጉ ያቋረጥኩትን ትምህርት በማታ ጨረስኩና፣ አስተማሪ ልሁን ብዬ ደሴ ኮሌጅ ገባሁ። ሰፈርተኛው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለኝ። ይበል። እኔን የከፋኝ የባለቤቴ ነገር ነው። የነገርኩት ቀን መረቡን እየጠገነ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል "ደግ፣ ሂጂ" አለና ዝም። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርቴ አንዲት ቃል አልወጣውም።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልዋሽም። ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። እሱ ደግሞ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። ይነቅዛል እንጂ! ሦስት ዓመት ሙሉ "ሻይ አለ?" እና "በሩን ዝጊው" ስንባባል ኖርን። ሳቁንም ረሳሁት። ጠልተኸኛል ወይ እለውና፣ አዎ ጠልተኸኛል ብዬ ራሴው እመልሳለሁ። እኔው ጠይቄ፣ እኔው መልሼ፣ እኔው ተጣልቼ እተኛለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለማስተማር ልምምድ እዚያው ሐይቅ፣ ሦስተኛ ክፍል ተመደብኩ። ትምህርቱ ማባዛት ነው። ከኮሌጁ የመጣው ገምጋሚ መምህር ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ። "ሦስት ሲባዛ በአራት ስንት ነው?" እልና፣ ልጆቹ ሳይተነፍሱ "ዐሥራ ሁለት!" እላለሁ። እነሱም ተከትለውኝ ይጮኻሉ። ክፍሉ ተናወጠ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ገምጋሚው ፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት ልጅ ጠራና፣ ለምን ዐሥራ ሁለት እንደሆነ ጠየቃት።

"ቲቸር ስላለች" አለችው።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወስዶ በትሕትና ነገረኝ። "እርስዎ ይጠይቃሉ፣ እርስዎው ይመልሳሉ" አለኝ። "ጠይቀው ይጠብቁ እንጂ።" ልጆች በዓይናቸው የሚያዩት፣ በእጃቸው የሚነኩት ነገርም እንዳዘጋጅ መከረኝ። በሳምንቱ ተመልሶ ያየኛል፤ ያኔም ካልሆነልኝ ዓመቱን እደግማለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች "እትዬ፣ አብሽሪ" አሉኝ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ከወደቅኩ የምመለሰው ወደ ኮሌጁ ሳይሆን ወደ ዓሣዬ ነው።

ቤት ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለግድግዳው ነገርኩት። ባቄላ ደረደርኩ፤ ተንከባለለብኝ። ጠጠር ደረደርኩ፤ እግሬ በተነው። ሦስት ቦታ አራት አራት መሆኑን ሕፃን በዓይኑ እንዲያይ ምን ላሳየው እያልኩ አለቀስኩ። ባለቤቴ በእንጨት መርፌው ክር ይቋጥራል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲቋጥር አመሸ። ድንጋይ ነህ አልኩት፤ በሆዴ ሳይሆን በአፌ።

የቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ እስከ ደጃችን መጥቷል። የአምባሰል ተራራ የለም፣ ዳርቻው የለም፤ የሆነ ቦታ ግን ውሃ ታንኳ ይመታል። ከሚኒባሱ ሕልም ገና ያልነቃሁ መሰለኝ። ባለቤቴ ወጥቷል። ቦርሳዬ ላይ አንድ ነገር ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ብዘረጋው መረብ ነው። ዓይኖቹ፣ ቀዳዳዎቹ ማለቴ ነው፣ መዳፍ ያሳልፋሉ፤ ዓሣ በዚህ ቢገባ በዚያ ይወጣል። ወደ ጎን ዐሥር፣ ወደ ታች ዐሥር፤ በየአምስቱ ቀይ ክር ገብቶበታል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ አንድ ዓይን አልጎደለም፣ አልተረፈም። የእኔ ባል በዕድሜው ዓሣ የማይዝ መረብ ሠርቶ አያውቅም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገምጋሚው እንደ ቀድሞው ከኋላ ተቀምጧል፤ መረቡን ሰሌዳው ላይ በሁለት ሚስማር ሰቀልኩት። አንዱ ተማሪ አፍንጫውን ይዞ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ባለቤቴ ነው የሠራው" አልኩ። "ዓሣ አጥማጅ ነው።"

ሳቁ ሲበርድ መረቡን አጣጥፌ ሦስት መስመር አስቀረሁ፤ በየመስመሩ አራት ዓይን። ያቺኑ ልጅ ጠርቼ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ከዚያ ጠበቅሁ። ዐሥራ ሁለት የሚለው ቃል ጥርሴ ሥር ደርሶ ልውጣ ልውጣ ይለኛል፤ ምላሴን ነከስኩት።  ያ ጉም በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም የሸፈነን መሰለኝ። ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳችና ጣቷን በየዓይኑ እያስገባች አራት፣ ደግሞ አራት፣ ደግሞ አራት ብላ ቆጠረች። ያላልኳትን ደግሞ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ አየችውና፣ በዚህ በኩል ሦስት ሦስት ሆኖ አራት ቦታ ነው፣ ያው ነው አለች። ገምጋሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አለፍኩ።

ከሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ባለቤቴ ታንኳው አጠገብ መረብ ይፈታል። ማለፌን ስነግረው "አልሐምዱሊላህ" አለና ወደ መረቡ አቀረቀረ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አላወራኸኝም?" አልኩት።

ጠልተኸኝ ነው የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም። ጠበቅሁ። ውሃው መጥቶ ታንኳውን ነካ፣ ተመለሰ፤ ደግሞ መጥቶ ነካ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ተኝታለች።

"ፈርቼ" አለ በመጨረሻ። "አስተማሪ ስትሆኚ ዓሣ ዓሣ በሚሸት ባል ታፍሪያለሽ ብዬ።"

 አጠገቡ ቁጭ አልኩና አፍንጫውን ስለያዘው ልጅ፣ እኔም ባለቤቴ ነው የሠራው ብዬ ስለመለስኩት ነገርኩት።

"በገምጋሚው ፊት?"

"በገምጋሚው ፊት።"

"ጮክ ብለሽ?"

"ጮክ ብዬ።"

"አንቺ ደግሞ ቀስ ብሎ መናገር መቼ ታውቂያለሽ" አለና ሳቀ።